ዋልካ የማይውጠው መቆሚያ
ለሞተር ሳይክል የመሀል መቆሚያ ስለ ማሠራት የተደረገ ንግግር

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሞተር ሳይክል ነው። ስለ ፍጥነቱ ወይም ስለ ነዳጁ አይደለም፤ ሲቆም ስለሚቆምበት እግር ነው። «ለመቆሚያ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ሞተር ወድቆ ያስከተለውን ጣጣ እስካይ ድረስ እንደዚያ ነበር የምለው።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ አፈር ጥቂት ልበል፤ ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ደጎሎ በደቡብ ወሎ የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ ነች። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በሙከጡሪና በዓለም ከተማ አድርጎ፣ የወንጪትን ቁልቁለት ወርዶ አቀበቱን የወጣ መንገደኛ የጃማን ሜዳ ሲያገኝ ከእግሩ ሥር የሚያየው ጥቁር አፈር ነው። አንዳንዱ ዋልካ፣ አንዳንዱ መረሬ ይለዋል። ይህ አፈር በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጫማ ላይ ይለጠፋል። የጃማ ገበሬ ጠባዩን ስለሚያውቅ መደብ አውጥቶ፣ በመካከሉ ቦይ ቀድዶ ውሃውን ያጠነፍፍና ስንዴውን ያመርትበታል። ሞተረኛው ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የለውም። ወርዶ የጎን መቆሚያውን በእግሩ ገፋ ያደርግና፣ ሞተሩን ወደ ግራ ጋደል አድርጎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

እስቲ በቁጥር እንየው። የገጠር ሞተር ሳይክል ክብደቱ 100 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። በጎን መቆሚያ ሲቆም አብዛኛውን ክብደት የሚሸከሙት ሁለቱ ጎማዎች ናቸው። በመቆሚያው ላይ የሚያርፈው 20 ኪሎ ብቻ ነው እንበል። ከፋብሪካ ሲወጣ ጫፉ ላይ የነበረችው ጠፍጣፋ ብረት ተበልታ ካለቀች፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ጫፍ መሬት የሚነካበት ስፋት ከ1 ካሬ ሣንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ 20 ኪሎ ግራም በአንዲት ጥፍር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ዝናብ የጠጣ ዋልካ ይህን ሊሸከም አይችልም። በዝግታ ይውጠዋል፤ ሞተሩም እንደሚያንቀላፋ ሰው ቀስ እያለ ያዘነብላል፤ በመጨረሻም ዘፍ ይላል።

አንድ የማውቀው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ክረምት ነው። ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ለክትባት ከሌሊት ጀምረው እየነዱ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስበዋል። እሱም የክትባቱን መድኃኒት በበረዶ ሣጥን አድርጎ፣ ከሞተሩ ኋላ አስሮ ደረሰ። ሁላችንም እንደምናደርገው ከጎን መቆሚያው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አኑሮ ሞተሩን አቆመና ሰው ሰላም ለማለት ሄደ። ካፊያ ጣለ። ድንጋዩ ተንሸራተተ። ሞተሩ ሲወድቅ የሣጥኑ ክዳን ተከፍቶ በረዶውም ብልቃጡም ጭቃ ውስጥ ተበተነ። ቅዝቃዜው የተቋረጠበት ክትባት ደግሞ ከብት ላይ አይወጋም፤ ይጣላል እንጂ። ያን ቀን ከብቶቹ እንደመጡ ተመለሱ። ሽማግሌ ገበሬ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩትም። «ምን ታረገው ልጄ፣ መሬቱ ነው» አሉት። ይኸ ከስድብ ይልቅ እንደ ቆረጠመው አጫውቶኛል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሰውየው በእልህ በማግስቱ ወደ አንድ በያጅ ሄዶ «የመሀል መቆሚያ ሥራልኝ» አለ። በያጁ በዓይኑ ገመተ፣ ቆረጠ፣ በየደ። ለማታ ሞተሩ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ያየ ሁሉ አደነቀ። በሳምንቱ ግን ሞተረኛው ወደ ግራ የሚታጠፍ ቁልቁለት ላይ ሳለ፣ መቆሚያውን ወደ ላይ አንጠልጥሎ የሚይዘው ሞላ ተፈናጥሮ ወጣ። መቆሚያው ተዘርግፎ መሬት መታ፤ የኋላውን ጎማ ከመሬት አነሣው፤ ሰውየውም ተሽቀንጥሮ ክንዱ ተሰበረ። አያችሁ፣ መቆሚያ የሌለው ሞተር ቆሞ ነው የሚወድቀው። በደንብ ያልተሠራ መቆሚያ ያለው ግን ሰው ተቀምጦበት ይወድቃል። ስለዚህ የዛሬው ጉዳያችን ብረት ከመቆረጡ በፊት ለክቶ መጻፍ ነው።

የመሀል መቆሚያ ማለት በሞተሩ ሆድ ሥር፣ በግራና በቀኝ የሚወርዱ ሁለት እግሮች ያሉት፣ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የኋላ ጎማውን ከመሬት የሚያነሣ መቆሚያ ነው። ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡ ሞተሮች አሉ፤ ባጃጅ ቦክሰር አንዱ ነው። እንደ ያማኻ ዲቲ 125 ያሉት ለአስቸጋሪ መንገድ የተሠሩ ሞተሮች ግን የጎን መቆሚያ ብቻ ነው ያላቸው፤ ሆዳቸው ከፍ ብሎ ድንጋይ እንዳይነካቸው ስለሚፈለግ ነው። ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራው ያማኻ ኤጂ ደግሞ በግራም በቀኝም የጎን መቆሚያ አለው፤ እግሩም ሰፋ ያለ ነው። ሠሪዎቹ የእርሻ መሬት ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

የመሀል መቆሚያ ጥቅሙ ለማቆም ብቻ አይደለም። ከደጎሎ ወደ ወረኢሉ ወይም ወደ ገጠር ቀበሌ ስትሄዱ ጎማ ቢተነፍስ፣ የኋላውን ጎማ ፈትቶ ካመራዳሪውን ለማውጣት ሞተሩን የሚይዝላችሁ ሰው ወይም የምታስደግፉበት ድንጋይ ትፈልጋላችሁ። በመሀል መቆሚያ ግን ብቻችሁን ትሠሩታላችሁ። ካቴና ለማጥበቅና ዘይት ለመቀባትም ጎማው በአየር ላይ ሆኖ መሽከርከር አለበት።

እንግዲህ ወደ ልኩ እንሂድ። ደብተርና እርሳስ ያዙ። ፊደልና ቁጥር በቅርብ የለያችሁ ወንድሞችና እኅቶችም አትሽሹ፤ የሚያስፈልገው ከ1 እስከ 100 መቁጠር ነው።

ሜትሩን ስትዘረጉ በአንድ ወገን ሣንቲ ሜትር፣ በሌላው ወገን ኢንች ተጽፎበት ታገኙ ይሆናል። 1 ኢንች 2 ሣንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። እናንተ 12 ብላችሁ በኢንች ለክታችሁ በያጁ በሣንቲ ሜትር ቢቆርጠው፣ መቆሚያ ሳይሆን የበር መቀርቀሪያ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ሣ.ሜ. ብላችሁ ጻፉ። በሁለት ቁጥሮች መካከል ያሉት 10 ትንንሽ ቦታዎች ሚሊ ሜትር ናቸው። በያጁ ስለ ቧንቧ ሲናገር ደግሞ «ግማሽ ኢንች»፣ «ሦስት አራተኛ» ይላል። ይህ የቧንቧው ስም እንጂ የውጭ ውፍረቱ አይደለም። ግማሽ ኢንች የሚባለው የውሃ ቧንቧ በውጭ ሲለካ 21 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ ሦስት አራተኛው 27 ሚሊ ሜትር ግድም። ለእግሮቹ የሚሆነው ሦስት አራተኛው ነው።

አሁን ሞተሩን ደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ አድርጉት። ሁለት ሰው ይያዘውና ከሆዱ ሥር የእንጨት ጉማጅ እየደራረባችሁ፣ የኋላ ጎማው ከመሬት ሁለት ጣት፣ ማለትም 3 ሣንቲ ሜትር ያህል እስኪነሣ ድረስ አስደግፉት። የፊት ጎማው መሬት እንደነካ ይቆይ። ጎማዎቹ መሬት ላይ ሳሉ መለካት ስሕተት ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ የኋላ ሞላው ስለሚዘረጋ ጎማው ወደ ታች ይንጠለጠላልና ልኩ ይጎድላል። ብዙ የቤት ሥራ መቆሚያ «አጠረብኝ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ እንዳለ መቆሚያው ከሚሰካበት ብሎን እስከ መሬት ቀጥ ብላችሁ ለኩ። 31 ሣንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ጻፉት።

ቀጥሎ የምናገረው የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። መቆሚያው ሲዘረጋ እግሮቹ ልክ ከብሎኑ በታች ቀጥ ብለው መቆም የለባቸውም። ከቀጥታው አልፈው ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ ፊት ጎማው አቅጣጫ፣ 5 ሣንቲ ሜትር ያህል መሄድ አለባቸው። እዚያ ሲደርሱ የሚያግዳቸው ብረት ይኖራል። በትር ተደግፎ የቆመ እረኛ አይታችኋል? በትሩን ከፊቱ ራቅ አድርጎ ይተክልና ወደ ኋላው ያርፋል፤ ነገሩ ከዚያ ብዙ አይርቅም። እግሮቹ ቀጥ ካሉ ሞተሩ በትንሽ ግፊት ወደ ፊት ተንከባሎ ይወርዳል። ከመጠን በላይ ወደ ፊት ካለፉ ደግሞ ለማውረድ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጎማውም በቂ አይነሣም። 31 ሣንቲ ሜትር ቁመት ኖሮት 5 ሣንቲ ሜትር ወደ ፊት የሚያልፍ እግር ርዝመቱ 31 ሣንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የመርገጫውን ብረት ውፍረት ከዚህ ቀንሱ። ያን የረሳሁ እኔ ራሴ ነኝ፣ ስለዚህ ነው የማስታውሳችሁ።

መቆሚያው የሚሰካበት ቦታ የት ነው? ሞተሩን የያዘው ሻንሲ ቧንቧው ስስ ነው፤ እሱ ላይ በቀጥታ መበየድ ያደክመዋል፣ ከብየዳውም ጠርዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚሻለው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ጠፍጣፋ ብረት ሁለት ጆሮዎች ቆርጦ፣ ሞተሩ ከሻንሲው ጋር በሚታሠርባቸው በታችኞቹ ብሎኖች ማሠር ነው። ብሎኖቹን ረዘም ባሉ ቀይሩ፤ ሮንዴላ አድርጉ። በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ቧንቧ ይጋደማል፤ በውስጡ 12 ሚሊ ብሎን ያልፋል፤ ጫፉ ላይ አንድ ዳዶ ሳይሆን ሁለት ዳዶ እርስ በርስ ይጠበቁበታል። ግራሶ አትርሱ። ሁለቱን እግሮች ከመሀላቸው በተጋደመ ብረት አያይዟቸው፤ አለዚያ አንዱ ወደ ውጭ ይከፈታል። በታች በኩል ከላይኛው ይልቅ ሰፋ ይበሉ።

አሁን ወደ ዋልካችን እንመለስ። ከእያንዳንዱ እግር ጫፍ 6 በ8 ሣንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት ይበየድ። ስፋቱ 48 ካሬ ሣንቲ ሜትር ነው። በአንዱ እግር ላይ 40 ኪሎ ቢያርፍ እንኳ ለአንድ ካሬ ሣንቲ ሜትር የሚደርሰው 1 ኪሎ አይሞላም። ከላይ ካየነው ከ20 ኪሎ ጋር አስተያዩት። አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ለዚህ የሚጠቀሙ አሉ፤ ጠንካራ ብረት ቢሆንም ከተራ ኤሌክትሮድ ጋር ስለማይስማማ ብየዳው በኋላ ይለቃል። ተራ ጠፍጣፋ ብረት ይበቃል። የፊትና የኋላ ጫፎቹን ወደ ላይ ትንሽ ቆልመም አድርጓቸው፤ አለዚያ ሞተሩን ስታወርዱ እንደ ማረሻ መሬት ውስጥ ይሰካሉ። ጭቃ ስለሚለጠፍባቸው ከጉዞ በፊት በእንጨት መጥረግ ነው። ይህን ያህል ሠርተን ዋልካ ጭራሽ አይዘውም ማለቴ አይደለም፤ ውሃ የተኛበት ቦታ ላይ ምንም አይቆምም።

በግራው እግር ላይ በጫማ የሚረገጥ አጭር ክንድ ይበየድ። ጭስ የሚወጣበት ማርሚታ በአብዛኛው በቀኝ ነው፤ እናንተም የምትቆሙት በግራ ነው።

ስለ ብየዳው አደጋ ሳልናገር ባልፍ ኃላፊነት ይሆንብኛል። የሚቻል ከሆነ የሚበየደውን ሁሉ ከሞተሩ ላይ አውጥታችሁ ለብቻው አስበይዱ። ሞተሩ ላይ መበየድ ግድ ከሆነ የባትሪውን ገመዶች አስቀድማችሁ ንቀሉ። የቤንዚን ገንዳውን ፈትታችሁ ራቅ አድርጉ። «ባዶ ነው» አትበሉ፤ ከሞላው ይልቅ የሚፈነዳው ባዶው ነው፣ ተኑ ውስጡ አለና። የብየዳው የመሬት ገመድ ከሚበየደው ብረት አጠገብ ይያዝ። ከጎማው ወይም ከሌላው ጫፍ ከተያዘ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታዎች መካከል አልፎ ያበላሻቸዋል። የውሃ ቧንቧ ደግሞ ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተቀባ ነው። ይህ ሲቃጠል ነጭ ጭስ ይወጣዋል፤ ያን የሳበ ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። «ወተት ጠጣበት» ሲባል እንሰማለን። ወተት ደግ ምግብ ነው፣ ሳንባ ውስጥ የገባን ጭስ ግን አያወጣም። የሚበየደውን ጫፍ አስቀድሞ በሞረድ እስኪነጣ መፋቅ፣ ከዚያም ነፋስ ባለበት ደጅ መሥራት ነው።

የቀረው ሞላው ነው፤ የወዳጄን ክንድ የሰበረው። መቆሚያው ሲታጠፍ ወደ ኋላ ተኝቶ ሆዱ ሥር ይጠጋል። እዚያ የሚይዘው ሞላ ብቻ ነው። የሞላው አንድ መንጠቆ በጆሮው ብረት ላይ፣ ከብሎኑ ፊትና ትንሽ ከፍ ብሎ ይሁን፤ ሌላው መንጠቆ በእግሩ ላይ። እንዲህ ሲሆን ሞላው በጣም የሚለጠጠው መቆሚያው መንገድ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ታች፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ላይ ይስበዋል። መፈተኛው ቀላል ነው። የኋላ ጎማው በጉማጅ ተነሥቶ እንዳለ መቆሚያውን በእጃችሁ ከአጋማሹ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት። ራሱን ችሎ ጥብቅ ብሎ ከታጠፈ ደግ ነው። ካመነታ መንጠቆውን ቦታ አስለውጡ። ሲታጠፍ ሞላው የላላ ከሆነ አይሆንም፤ ታጥፎም መወጠር አለበት። አንድ ሞላ አይበቃም፤ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ቢፈናጠር ሌላው ይዞ ቤት ያደርሳችኋል። መንጠቆዎቹም ሞላው እንዳይሾልክ ጎድጎድ ያለ አንገት ይኑራቸው። በሽቦ ወይም በካመራዳሪ ቁራጭ ማሠር የሚወድ ሰው አውቃለሁ። እሱን ለደጎሎ ገበያ ደርሶ መልስ ይሞክረው፤ ወደ ወንጪት ቁልቁለት ግን አብሬው አልሄድም።

መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት መቆሚያውን አጥፋችሁ ሁለት ሰው ሞተሩ ላይ ይቀመጥበትና ዘል ዘል ይበል። አንድ ሦስተኛ ሰው ተንበርክኮ ይመልከት፤ ብረቱ ካቴናውን፣ ማርሚታውን ወይም የኋላ ጎማውን ይነካል? ከዚያ ሰዎቹ እንደተቀመጡ ሞተሩን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አጋድሉት። የመርገጫው ጠርዝ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ መሬት የሚነካ ከሆነ ጠርዙን ቆርጣችሁ አጥብቡት። 6 በ8 ያልኩት ለሁሉም ሞተር የታዘዘ ሕግ አይደለም።

ስታቆሙት ደግሞ በክንድ ጉልበት አትጎትቱ፤ ወገብ የሚያመው ይኸ ነው። በግራ ቁሙ። ግራ እጃችሁ መሪውን፣ ቀኝ እጃችሁ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ይያዝ። በቀኝ እግራችሁ ክንዱን ወደ ታች ረግጣችሁ ሁለቱም እግሮች እኩል መሬት መንካታቸውን እወቁ። ከዚያ መላ ክብደታችሁን በዚያው እግር ላይ ጣሉት። ሞተሩ ራሱ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይወጣል፤ እጅ መንገድ ያሳያል እንጂ አያነሣም። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ ፊቱን ወደ አቀበቱ አዙሩት፤ ወደ ቁልቁለቱ ከዞረ ራሱ ከመቆሚያው ይወርዳል። ልጆች በቆመው ሞተር ላይ ወጥተው «እየነዳሁ ነው» ማለት ይወዳሉ። አትፍቀዱላቸው፤ ወደ ፊት አንድ ጊዜ ቢገፉት ይወርድባቸዋል፣ ማርሚታውም ትኩስ ነው።

ያ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ክንዱ ከዳነ በኋላ ሁለተኛ መቆሚያ አሠርቷል። በዚህኛው ጊዜ ወደ በያጁ የሄደው አንድ የደብተር ቅጠል ይዞ ነው፤ ሥዕል አለው፣ 5 ቁጥሮች አሉት፣ ከእያንዳንዱ ጎን ሣ.ሜ. ተብሎ ተጽፏል። በያጁ ቅጠሉን ግድግዳው ላይ ለጥፎት እስካሁን እንዳለ ሰምቻለሁ። የበረዶ ሣጥኑን ክዳንም አሁን በጠፍር ያስረዋል፤ መቆሚያውን አምኖ አልተወውም።

አዲስ የተሠራ ብሎን መላላቱ ስለማይቀር፣ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ሁለቱን ዳዶዎች፣ የጆሮዎቹን ብሎኖችና የሞላዎቹን መንጠቆ በቁልፍና በዓይን ተመልከቱ፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ፣ በክረምት ግን በየሁለት ሳምንቱ። የተመለከታችሁበትን ቀን ልኩን በጻፋችሁበት ደብተር ላይ አስፍሩ። ደህና ሰንብቱ።